ያረጀ ሁሉ የተጫወተ አይደለም

ሰሞኑን በአማርኛ ተጽፎ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። የሚያወራው በኢንተርኔት ለሽያጭ ስለሚቀርቡ የጥንት የቤዝቦል ዕቃዎች ነው፤ ማልያ፣ ኳስ፣ ጓንት እና ባት የሚባለው የመምቻ ዱላ፣ በተለይም አንድ ዝነኛ ተጫዋች በእውነተኛ ጨዋታ ላይ ተጠቅሞባቸዋል ተብለው ስለሚሸጡት። አሜሪካ ከሚኖሩ ወዳጆቼ ሦስቱ በተለያየ ቀን ላኩልኝ፤ አንዱማ ከእንግዲህ ባለሙያ ሆኛለሁ ብሎ አክሎበታል። እኔ ለብዙ ዓመታት እነዚህን ዕቃዎች ስገዛ፣ ስሸጥና አልፎ አልፎም ስታለል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በቋንቋችን ስለዚህ ነገር የሚጽፍ ሰው በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ነበር ማንበብ የጀመርኩት። ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው፤ የጸሐፊው ሐሳብም ቅን ነው። ይሁን እንጂ ዋና ዋና ምክሮቹ አያስኬዱም፤ ምክሩን አምኖ ገንዘቡን ያወጣ ሰው ደግሞ ስሕተቱን የሚያውቀው ዕቃውን መልሶ ሊሸጥ በተነሣ ቀን ነው።

በመጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። የማረጋገጫ ወረቀትና ሆሎግራም የሚባለው የሚያብለጨልጭ ተለጣፊ ምልክት ያለው ዕቃ እውነተኛ ነው፣ የሌለው ሊገዛ አይገባም ይላሉ። ዕቃው በጨዋታ ላይ መዋሉን የሚመሰክረው ጉዳቱ ስለሆነ፣ ስንጥቁ፣ እድፉና ባቱ ከእጅ እንዳያመልጥ የሚቀባው የሙጫ ቅሪት በበዛ ቁጥር ጥርጣሬው ይቀንሳል ይላሉ። ከተጫዋቹ ቤተሰብ ወይም በዘመኑ በክለቡ ከሠራ ሰው የተጻፈ ደብዳቤ ከማንኛውም ምርመራ ይበልጣል የሚል እምነት አላቸው። ዕቃው ከጥንት ፎቶግራፍ ጋር ከገጠመ ክርክሩ እንደሚያበቃም ይነግሩናል። በመጨረሻም የሻጩ መልካም ስምና ዕቃው የሚያወጣው ዋጋ ራሳቸውን የቻሉ ማስረጃዎች ናቸው ብለው ይዘጋሉ።

እንደ እኔ ግምት የእነዚህ ሁሉ ስሕተቶች ምንጭ አንድ ነው። አንድ ዕቃ እውነተኛ ነው ወይ ብለን ስንጠይቅ በእርግጥ ሦስት ነገር እየጠየቅን ነው፦ ዕቃው የተባለው ዘመን ሥራ ነው ወይ? ለተባለው ተጫዋች የተሠራ ነው ወይ? ተጫዋቹስ በጨዋታ ላይ ተጠቅሞበታል ወይ? የመጀመሪያውን ያለፈ ዕቃ በሁለተኛው ሊወድቅ ይችላል፤ ሁለቱን ያለፈም በሦስተኛው ሊወድቅ ይችላል። ጸሐፊው ግን ለአንዱ ጥያቄ የሚበቃውን መልስ ለሦስቱም ያደርጉታል።

ኳስን እንውሰድ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። እስከ 1999 ድረስ በሁለቱ ትልልቅ የቤዝቦል ሊጎች፣ በአሜሪካን ሊግና በናሽናል ሊግ፣ ኳሶች ላይ የየሊጋቸው ፕሬዚዳንት ስም በፊርማ መልክ ይታተም ነበር። ጆ ክሮኒን የአሜሪካን ሊግ ፕሬዚዳንት የሆነው በ1959 ነው፤ ዝነኛው ተጫዋች ቤብ ሩት ያረፈው በ1948 ነው። ስለዚህ የክሮኒን ስም በታተመበት ኳስ ላይ የሩት ፊርማ ከተገኘ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፣ ፎርጅድ ነው። አሁን ደግሞ ገልብጠን እንየው። ኳሱ ላይ የታተመው ከ1931 እስከ 1959 የመራው የዊልያም ሃሪጅ ስም ቢሆን ምን ተረጋገጠ? የተረጋገጠው ኳሱ ከሩት የሕይወት ዘመን ጋር አለመጣላቱ ብቻ ነው። ያልተፈረመበት የዘመኑን ኳስ ፈልጎ ገዝቶ ዛሬ የሚፈርምበት ሰው ይህን ፈተና ያልፋል። በዚህ ሙያ ዕቃውን ውድቅ ማድረግ የሚችለው ማስረጃ፣ ከሚያጸድቀው ማስረጃ ይልቅ ጠንካራ ነው፤ ጽሑፉ ግን የሚያጸድቁትን ብቻ ይቆጥራል።

ወደ ወረቀቱና ወደ ሆሎግራሙ ልምጣ። እዚህ ላይ ጸሐፊው በከፊል ትክክል ናቸው። ሁለቱን ሊጎች ያቀፈው ሜጀር ሊግ ቤዝቦል በ2001 በጀመረው የማረጋገጫ መርሐ ግብር መሠረት በጨዋታዎቹ ላይ አረጋጋጭ ይገኛል፤ አረጋጋጮቹ በፖሊስነት ወይም በመሰል የሕግ ማስከበር ሥራ ያለፉ ሰዎች ናቸው። ኳሱ ከሜዳ ሲወጣ፣ ማልያው ሲወልቅ በዓይናቸው አይተው ነው ቁጥር ያለው ሆሎግራም የሚለጥፉበት፤ ካላዩት አይለጥፉም። ተመልካች መካከል ወድቆ ከዓይናቸው የተሰወረን የሆም ራን (ተመትቶ ከሜዳው አጥር ያለፈ) ኳስ እንኳ አስቀድሞ ልዩ ምልክት ካልተደረገበት በስተቀር አያረጋግጡም። ይህ ምስክርነት ነው። በ1920ዎቹ ለተሠራ ባት ዛሬ የሚሰጠው ወረቀት ግን አስተያየት ነው፤ የፈረመው ባለሙያ በዚያ ቀን ሜዳው ላይ ቀርቶ በዚህ ዓለምም አልነበረም። ጸሐፊው የመጀመሪያው በሥራው ያገኘውን አመኔታ ለሁለተኛው በነፃ ሰጥተውታል፤ ሆሎግራም ሁሉ ስለሚያብለጨልጭ ልዩነቱ ለገዢው አይታየውም።

የሊጉ መርሐ ግብር ራሱ የተወለደው ከሐሰተኛ ዕቃዎች ውስጥ ነው። በ1990ዎቹ የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ ኦፕሬሽን ቡልፔን በተባለ ምርመራ በደቡብ ካሊፎርኒያ ትልቅ የፎርጅድ ፊርማ መረብ በጣጠሰ። የሳንዲያጎ ፓድሬሱ ኮከብ ቶኒ ግዊን በገዛ ክለቡ መደብር ውስጥ በስሙ ተፈርመው የሚሸጡ ዕቃዎችን አይቶ የእኔ ፊርማ አይደለም ማለቱ የዚያ ታሪክ አካል ነው። ከተያዙት ዕቃዎች መካከል በማዘር ቴሬዛ ስም የተፈረመ የቤዝቦል ኳስ ይገኝበታል፤ ማን ገዝቶ የት ሊያስቀምጠው እንዳሰበ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ቁም ነገር ግን አጭበርባሪዎቹ ከፊርማው ጋር የማረጋገጫ ወረቀቱንም ያዘጋጁ እንደነበር ነው። ወረቀት የሌለውን አትግዙ የሚለው ምክር እንዲህ ያሉትን ሰዎች አይጎዳቸውም፤ እንዲያውም ገበያ ያደራላቸዋል።

ወረቀቱ ከታወቀ ድርጅት ቢመጣስ? በዓለም ላይ እጅግ ዝነኛ የሆነው የቤዝቦል ካርድ (የተጫዋች ምስል የታተመበት ትንሽ ካርቶን)፣ ቲ206 የተባለው የሆነስ ዋግነር ካርድ፣ በ1991 በታዋቂ ደረጃ ሰጪ ድርጅት ተመርምሮ 8 ነጥብ አገኘ፤ በ2007 በ2.8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በ2013 ደግሞ ቀድሞ በእጁ ይዞት የነበረው አጫራቹ ቢል ማስትሮ ካርዱ ያልተጎዳ እንዲመስል ጠርዙን መከርከሙን በፍርድ ቤት አመነ። ካርድ በጨዋታ ላይ የሚውል ዕቃ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ዐይን ፊት የተቀመጠ አንድ ቁራጭ ካርቶን ይህን ያህል ዓመት ካሳሳተ፣ በሻጩ ጓዳ የቆየን ማልያ በወረቀት ብቻ ማመን የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለውን መርሳት ይመስለኛል።

ደግሞም ከጣሪያ ሥር ሣጥን ውስጥ የተገኘ እውነተኛ ዕቃ ሁሉ መጀመሪያ ላይ ወረቀት አልነበረውም። ወረቀት የሌለው ሁሉ ይጣል ከተባለ እጅግ የታወቁት ዕቃዎች በሙሉ በመጀመሪያው ቀን በተጣሉ ነበር። እኔ የምመክረው ወረቀቱን እንደ ማኅተም ሳይሆን እንደ ክርክር ማንበብ ነው፤ ባለሙያው ምን ለካ፣ የትኛውን መዝገብ አየ፣ ከምን ጋር አነጻጸረ የሚለው ካልተጻፈበት ግን ወረቀቱ የሚነግረን የባለሙያውን ስም ብቻ ነው።

ሁለተኛውና ብዙ ሰው የሚስማማበት ነጥብ የጉዳት ነገር ነው፤ ረዘም አድርጌ የምመልሰውም ለዚህ ነው። ጉዳት አንድ ሰው ዕቃውን መጠቀሙን ይነግራል፤ ማን እንደተጠቀመበት አይነግርም። በጥንቱ ዘመን ክለቦች ለአንድ ተጫዋች የሚያሠሩት ማልያ ጥቂት ነበር፤ ወቅቱ ሲያበቃ ማልያው ብዙ ጊዜ ወደ ታችኛው ሊግ ክለቦች ይወርድ ነበር፣ እዚያም ቁጥሩ ተነቅሎ ሌላ ተሰፍቶበት ሌሎች ልጆች ይለብሱታል። ስለዚህ እጅግ የተበላሸ ማልያ ሲቀርብላችሁ ብልሽቱ የኮከቡ ሳይሆን ከእሱ በኋላ የለበሱት ወጣቶች ሊሆን ይችላል። ባትም እንዲሁ ነው፤ ከተጫዋቾች እጅ ወጥቶ በየሰፈሩ ሜዳ ልጆች እስኪሰበር የመቱበት ባት ብዙ ነው። በተቃራኒው በወቅቱ መጨረሻ ተጠርቶ ጥቂት ጨዋታ ብቻ የተጫወተ ልጅ የለበሰው ማልያ አዲስ ሊመስል ይችላል።

ከዚህም በላይ ተጫዋቾች ዕቃቸውን የሚይዙበት መንገድ የተለያየ ነው። ቴድ ዊልያምስ ለባቶቹ ክብደት እጅግ የሚጨነቅ፣ በየማታው በአልኮል የሚያጸዳቸው ሰው ነበር። በጸሐፊው መለኪያ ከሄድን የዊልያምስ ንጹሕ ባት አጠራጣሪ፣ በሙጫ የተለወሰው ደግሞ አስተማማኝ ይሆናል፤ እውነቱ ግን ለዊልያምስ ተቃራኒው ነው። ጆርጅ ብሬት በበኩሉ በሐምሌ 1983 በያንኪ ስታዲየም ፓይን ታር የተባለውን የጥድ ሙጫ ከተፈቀደው 18 ኢንች በላይ በመቀባቱ ሆም ራኑ የተሰረዘበት፣ በኋላም ሊጉ የመለሰለት ሰው ነው። እንግዲህ መጠየቅ ያለበት ጉዳቱ ምን ያህል ነው ሳይሆን፣ ጉዳቱ የዚህን ሰው ልማድ ይመስላል ወይ ነው። ሙጫው እስከ የት ይደርሳል? እጀታው ላይ የተጠቀለለው ፕላስተር በተጫዋቹ ፎቶግራፎች ላይ እንደሚታየው ነው? የኳስ ምልክቶቹ የተሰበሰቡበት ጎን በቀኝ ወይም በግራ ከሚመታ ሰው ጋር ይስማማል? ሙጫ በየስፖርት ዕቃ መደብሩ ስለሚሸጥ ብዛቱ ምንም አያስረዳም።

ባት ላይ ከእድፉ ይልቅ የፋብሪካው ጽሑፍ ይናገራል። በኬንታኪ ግዛት ሉዊቪል ከተማ ሉዊቪል ስለገር የተባለውን ባት የሚሠራው ሂለሪክ ኤንድ ብራድስቢ በባቱ መካከል የሚያትመውን ምልክት ከጊዜ ወደ ጊዜ ለውጧል፤ በዚህም ሰብሳቢዎች ባቱ በየትኛው ዘመን እንደተሠራ ማጥበብ ይችላሉ። ከ1940ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ ለፕሮፌሽናል ተጫዋቾች በሚሠሩት ባቶች እጀታ ጫፍ ላይ የሞዴሉ ፊደልና ቁጥር ይመታ ነበር፤ ለመደብር በተሠሩት ላይ ደግሞ ርዝመቱ ብቻ በሙሉ ቁጥር ይጻፋል። መደብር ውስጥ ለማንም ልጅ የሚሸጠው ባትም የኮከቡን ስም ስለሚይዝ ስሙ ብቻውን ምንም አይፈይድም። ለሁሉም ዘመን የተሟሉ ባይሆኑም የፋብሪካው የመላኪያ መዝገቦችም አሉ፤ ለየትኛው ተጫዋች የትኛው ሞዴል፣ በምን ርዝመትና ክብደት እንደተላከ ያሳያሉ። መዝገቡ ለዚያ ተጫዋች በ35 ኢንች ባት ተልኮለት እንደማያውቅ ካሳየ የ35 ኢንቹ ባት ታሪክ ምንም ያህል ቢያምር ተጨማሪ መልስ ይፈልጋል።

ይህን በነፃ አልተማርኩትም። ጀማሪ ሳለሁ አንድ ስሙን የማልጠራው የኢንተርኔት ሻጭ የ1960ዎቹ ኮከብ የተጠቀመበት ነው ያለውን ባት ሸጠልኝ። ስንጥቅ ነበረው፣ ሙጫ ነበረው፣ በምስማር የተጠገነ እጀታ ነበረው፤ ጸሐፊው የሚወዱት ዓይነት ዕቃ ነበር። እጀታው ጫፍ ላይ 34 የሚል ቁጥር ብቻ ተመትቶበት ነበር። በሻጩ ፎቶዎች ውስጥ ያ ጫፍ አንድም ጊዜ አልታየም፤ እኔም አልጠየቅኩም። የመደብር ባት ነበር፤ ስንጥቁ ግን እውነተኛ ነበር፣ አንድ ልጅ በደንብ ተጫውቶበታል።

ማልያም የራሱ ዘመን መቁጠሪያ አለው። የኒው ዮርኩ ክለብ ያንኪስ በመደበኛነት ቁጥር በጀርባ ማድረግ የጀመረው በ1929 ነው፤ የተጫዋቾችን ስም በጀርባ የጻፈው የመጀመሪያው ክለብ ቺካጎ ዋይት ሶክስ ነው፣ በ1960፤ ፒትስበርግ ፓይሬትስ በ1970 ከሱፍ ፍላኔል ወደ ሰው ሠራሽ ሹራብ ጨርቅ ከተሻገረ በኋላ ሌሎቹም ተከተሉት። እነዚህ ቀኖች ብዙ ዕቃዎችን ያለ ባለሙያ ይጥላሉ። ጸሐፊው በዚሁ ክፍል የአልትራቫዮሌት መብራት መጠቀም ጥሩ ነው ማለታቸውን እቀበላለሁ፤ ሆኖም ማልያው በመብራቱ ማብራቱ ብቻ ሐሰተኛ አያደርገውም። ልብስን ነጭ የሚያስመስሉ ኬሚካሎች በኋለኛው ዘመን ሳሙና ውስጥ ስላሉ፣ የ1920ዎቹ ማልያ በኋላ አንድ ጊዜ ቢታጠብ ያበራል። የሚያስደነግጠው ጨርቁ ጨልሞ የቁጥሩ ስፌት ክር ብቻ ሲያበራ ነው፤ ክሩ ከጨርቁ በኋላ የመጣ ሊሆን ይችላልና።

ስለ ቤተሰብ ደብዳቤ የተባለው ልብን ይነካል፤ ጸሐፊው በዚህ ክፍል የጻፉት ከጽሑፉ ሁሉ ያማረ ነው። ደብዳቤ ዋጋ የለውም አልልም፤ በተለይ ዕቃው ከተጫዋቹ እጅ ወጥቶ እስከ ዛሬው ሻጭ በማን በማን በኩል እንደመጣ በቀንና በቦታ የሚዘረዝር ከሆነ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ደብዳቤ ጸሐፊ ሳይዋሽ ሊሳሳት ይችላል። የጥንቱ ተጫዋች ሹለስ ጆ ጃክሰን ማንበብና መጻፍ ስለማይችል ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ትፈርምለት ነበር፤ በእሱ ስም የተፈረመ ወረቀት ከቤተሰቡ እጅ ቢመጣም የእሱ እጅ ሥራ ላይሆን ይችላል። በክለቦች መልበሻ ክፍል የሚሠሩ ረዳቶችም ለኮከቦቹ ኳስ ይፈርሙ እንደነበር በሰብሳቢዎች ዘንድ የታወቀ ነው። አንድ ልጅ በ1950ዎቹ ከመልበሻ ክፍሉ በር ላይ ፊርማ ያለበት ኳስ ተቀብሎ፣ ዛሬ በሰማንያ ዓመቱ ከኮከቡ እጅ እንደተቀበለ በመሐላ ቢጽፍ የሚነግረን የሚያምነውን ነው። ሌላም አለ፤ አብዛኛው ደብዳቤ ስለ ዕቃው ዓይነት እንጂ ስለዚህ ዕቃ አይናገርም። አባቴ ባት ይሰጠኝ ነበር ከሚለው ተነሥቶ ይህ ባት የአባትየው ነው ለማለት አንድ ድልድይ ይጎድላል፤ ያ ደብዳቤ ደግሞ ከአንድ ባት ወደ ሌላ ባት በቀላሉ ይዛወራል።

ከጽሑፉ ነጥቦች ሁሉ ጠንካራው የፎቶግራፍ ማመሳከር ነው፤ እኔም ብዙውን እቀበላለሁ። የጥንት ማልያዎች በእጅ ተቆርጠው የሚሰፉ ስለነበሩ የደረቱ ፊደል ከቁልፎቹ አንጻር የሚያርፍበት ቦታ፣ ቀጫጭኖቹ መስመሮች ፊደሉን የሚያቋርጡበት ነጥብ ከማልያ ማልያ ይለያያል። ቤብ ሩት በ1932 ወርልድ ሲሪስ (የዓመቱ የሻምፒዮና ፍጻሜ) ሦስተኛ ጨዋታ፣ በቺካጎ ሪግሊ ፊልድ፣ ወዴት እንደሚመታ አስቀድሞ በጣቱ አመልክቷል የሚባልበት ቀን የለበሰው ግራጫ ማልያ በዚህ መንገድ ነው የታወቀው። በ2005 በ940,000 ዶላር የተሸጠው ይኸው ማልያ፣ ከዚያ ጨዋታ ፎቶግራፎች ጋር መግጠሙ በበርካታ መርማሪዎች ከተገለጸ በኋላ፣ በኦገስት 2024 በ24.12 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ለጥንት ዕቃ ሦስቱንም ጥያቄዎች በአንዴ ሊመልስ የሚችል ማስረጃ ከእነዚህ ሁሉ መካከል ይህ ብቻ ነው።

ታዲያ ክርክሩ ያበቃል? የሚያበቃው ፎቶግራፉ ግልጽ ሲሆን፣ ቀኑ ሲታወቅና የሚገጥሙት ነጥቦች ሌላ ማልያ ላይ ሊደገሙ የማይችሉ ሲሆኑ ነው። ጸሐፊው እንደ ምሳሌ ያቀረቡት ግን አንድ ጓንት ሲሆን፣ ገጠመ የተባለው ቀለሙና ቅርጹ ነው፤ ያን ቀለምና ቅርጽ ፋብሪካው ያወጣቸው ጓንቶች ሁሉ ይጋሩታል። የአንድ ዓይነት መሆንና ያው ራሱ መሆን የተለያዩ ናቸው። በተጨማሪም ሊገጥሙ የሚገባቸውን ሲቆጥሩ የማይገጥሙትን አልፈዋቸዋል፤ አንድ የማይገጥም ስፌት፣ በኋላ መጠገኑ ካልታወቀ በስተቀር፣ አሥር የሚገጥሙትን ይሽራል። ፎቶ ያልተገኘለት ዕቃስ? የብዙ ተጫዋቾች ብዙ ጨዋታዎች በቅርብ አልተነሡም፤ ስለዚህ ያልገጠመና ያልተገኘ በአንድ ቃል መጠራት የለባቸውም።

የመጨረሻው ነጥብ፣ የዋጋና የሻጭ ስም ነገር፣ ረጅም መልስ አይፈልግም። እጅግ የረከሰ ዋጋ ያስጠርጥራችሁ ማለታቸው ትክክል ነው። ውድ ዋጋ ግን ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ ቀደም ብዬ ያነሣሁት ማስትሮ በ2015 የ20 ወር እስራት የተፈረደበት ጨረታ ላይ በሐሰት ተጫራቾች ዋጋ ከማስወጣት ጋር በተያያዘ የማጭበርበር ወንጀል ነው። ኢንተርኔት ራሱ ጥፋተኛ እንዳልሆነም ልጨምር፤ ብላክ ቤትሲ የተባለው የሹለስ ጆ ጃክሰን ባት በ2001 በኢቤይ ላይ ነው በ577,610 ዶላር የተሸጠው። ገዢዎች በኢንተርኔት ለሻጩ የሚሰጧቸው የምዘና ኮከቦችም የሚነግሩን ዕቃውን በጊዜ እንደሚልክና በደንብ እንደሚጠቀልል ነው፤ ያን ኮከብ የሰጡት ገዢዎች የገዙትን ዕቃ ያስመረመሩ አይደሉም።

ጸሐፊው ገንዘብ ከማስመለስ መብት ጋር ብቻ ክፈሉ ማለታቸውን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ሻጩ ያላሳያቸውን ፎቶዎች ጠይቁ፤ የባቱን እጀታ ጫፍና የመካከሉን ምልክት፣ የማልያውን የአንገት መለያና የቁጥሩን ስፌት ከውስጥ በኩል፣ በኳሱ ላይ የታተመውን የፕሬዚዳንት ስም። ርዝመቱንና ክብደቱን በሚዛንና በሜትር አስለክታችሁ ከመዝገብ ጋር አስተያዩ። ባለፈው ዓመት አንድ ሻጭ የእጀታውን ጫፍ ፎቶ ስጠይቀው ዕቃው ከእኔ ጋር የለም አለኝ፤ በማግስቱ ያው ባት በዝቅተኛ ዋጋ፣ በአዲስ ፎቶዎች ተለጥፎ አየሁት፤ ጫፉ አሁንም አልነበረም።